ሌባ ከሚባል ይታሰር

ውድ ለሚ፣

ሞያሌ መታየትህን መናኸሪያ ሰምቼ ነው የምጽፍልህ። ስልክህን ስለዘጋህ ወደዚያ የሚወርድ ሹፌር ለምኜ ይህን በእጁ ልኬልሃለሁ። እንደምን አለህ ማለት ወግ ነው፤ እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ሰልችቶኛል።

ከገደብ ከተማ ስንመለስ የምትነዳት ሚኒባስ ጪጩ አጠገብ ስትገለበጥ ጋቢና አጠገብህ ነበርኩ። በተሰበረው መስታወት ጎትተህ አወጣኸኝ፣ ነጠላዬን ቀድደህ እግሬን አሰርክልኝ። «አይዞሽ ተናኝ፣ አልተውሽም» አልከኝ። አምቡላንስ ሲመጣ ዞር ብዬ ባይ የለህም። በዚህ አልተቀየምኩህም፤ ሰው ይደነግጣል።

እግሬ ገጠመ፤ ግን ተጣሞ ነው የገጠመው። እንደገና ተሰብሮ ብረት ካልገባበት የስፌት መኪናዬን አልረግጥም። ልብስ ሰፊ በእግሯ እንደምትበላ አንተ ጎረቤቴ ታውቃለህ።

መኪናው ኢንሹራንስ አለው፣ ካሳ ይገባሻል ሲሉኝ ደስ አለኝ። ኢንሹራንሱ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አምጪ አለኝ። ትራፊኩ የሐኪም ማስረጃ አምጪ አለኝ። ሐኪም ቤቱ ደግሞ የፖሊስ ደብዳቤ ካልመጣ አልጽፍም አለ። በክራንች ሽቅብ ቁልቁል ስል የየበሩ ጥበቃ ሁሉ ስሜን አወቀ። በመከራ አሟልቼ ስቀርብ፣ የመኪናው ባለቤት ጋሽ ደበበ «ለማንም አልሰጠሁም፤ ለሚ ሰርቆ ነው የነዳው» ብሎ ቃሉን ሰጥቶ አገኘሁት። መንጃ ፈቃድህ መታገዱን እያወቀ መኪናውን እንደሰጠህ ከታወቀ እሱም ይጠየቃላ።

«የተሰረቀ መኪና እኛን አይመለከትም። ሹፌሩ ይምጣና ይናገር» አለኝ የካሳ ክፍሉ ሰውዬ።

«ጠፍቷል እኮ ነው የምልዎት።»

«እንግዲያው ሲገኝ ይዘሽው ነይ።»

እንደ ጠፋ በግ በገመድ ስቤ የማመጣህ ይመስለዋል።

ጠበቃ ይዤ ጋሽ ደበበንና ኢንሹራንሱን ከሰስኩ። ይህን ጊዜ እናትህ የተከሰስከው አንተ መስሏቸው ሽማግሌ ይዘው መጡ። እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው።

«እማማ ገበያነሽ፣ ክሴ በልጅዎ ላይ አይደለም» ብዬ ጋሽ ደበበ ያለውን ነገርኳቸው።

«ሰርቆ አለ?»

«አዎ።»

«ያን ቀን በማለዳ ደጄን አንኳኩቶ፣ ሹፌሬ ታሟል፣ አንድ ምልልስ ብቻ ብሎ ቁልፉን የሰጠው እሱ ነው። ልጄ ታግጃለሁ፣ አልነዳም ብሎ ነበር። ሂድ፣ ሰውዬውን አታሳፍረው ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

አንዱ ሽማግሌ ደነገጡ። «ይህን ዳኛ ፊት ቢናገሩ፣ ልጅዎ ታግዶ መንዳቱን ራስዎ መሰከሩበት ማለት ነው።»

«ሌባ ከሚባል ይታሰር» አሉ እናትህ።

ተናገሩም። የጋሽ ደበበ ጠበቃ ሊያደናግራቸው ሞክሮ ነበር፤ እሳቸው ግን ያችኑ ቃል ሳያዛንፉ ደገሟት። ባለፈው ሳምንት ኢንሹራንሱ ካሳውን እንዲከፍል ተፈረደ። ቀዶ ሕክምናዬ ሐዋሳ ነው። አንተ ግን በፖሊስ ትፈለጋለህ፤ አልዋሽህም።

ከፍርድ ቤት ስንወጣ እናትህ ደረጃው ላይ ተቀመጡና መነሳት አቃታቸው። እኔ በክራንች፣ እሳቸው መሬት ላይ፤ ማን ማንን ያንሳ?

«አሁን ለልጄ ማን ይመሰክርለታል?» አሉኝ።

«እኔ አለሁ» አልኳቸው።

እንግዲህ ና። ሐዋሳ ሳልሄድ ከደረስክ ፖሊስ ጣቢያ አብሬህ እገባለሁ፤ በጎህንም ጥፋትህንም እናገራለሁ። አልመጣም ካልክ ደግሞ ስልክህን ክፈትና ለእናትህ ራስህ ንገራቸው። ጠዋት ማታ በአጥር እየጠሩ «ምን ሰማሽ?» ይሉኛል። እኔ የምመልስላቸው አልቆብኛል።

ጎረቤትህ ተናኘወርቅ
ዲላ