አሥራ አምስት የሌለበት ሰዓታችን

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለቶሎቶሎ፤

የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ የሳሎናችን የግድግዳ ሰዓት ከስምንት ወር ዕረፍት በኋላ አዲስ ባትሪ ገብቶለት ወደ ሥራው ተመልሷል። ከዚህ ታላቅ ዜና ቀጥሎ ደኅንነትሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? አዲሱ ሥራ ተስማማሽ? በአውሮፕላኑ የተደፈነው ጆሮሽስ ተከፈተልሽ? እኛ ከጉልበቴ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

ሰዓቱ ከዕረፍቱ የተነሣው ባንቺ ምክንያት ነው። ከወንድምሽ ተለይተሽ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄጂ ነው ሲባል አያትሽ አንድ ጥያቄ ያዘች፤ አንዳቸው ቢታመም ሌላው በስንት ሰዓት ይደርስለታል? ሁለቱም ከተሞች እስያ ውስጥ ናቸው፣ ጎረቤት ማለት ነው ብዬ አረጋጋኋት። ወንድምሽ የቲኬትሽን ፎቶ ሲልክልን ግን ጉድ ፈላ። ስትሄጂ በአሥራ ሦስት ተነሥተሽ በአሥራ አምስት ትደርሻለሽ፤ ሁለት ሰዓት። ስትመለሺ በስምንት ተነሥተሽ በአሥራ ስድስት፤ ስምንት ሰዓት። መንገዱ አንድ! ደግሞስ የኛ ሰዓት አሥራ ሁለት ላይ ያልቃል፤ አሥራ አምስትን ከየት ላምጣው?

ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር ተጠራ። ርቀቱ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው አልኩት። ብዙ አሰበና፣ "መሄጃው ቁልቁለት ነው፤ መመለሻው ዳገት" ብሎ ፈረደ። አየር ላይ ዳገት ከየት መጣ ብለው፣ ወጥተህ አይተሃል ወይ አለኝ።

ኋላ አንቺው ደውለሽ ነገ በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ ስትይ ተገላገልን። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩን ከበብን። አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ዝም። አያትሽ ምሳ ቀርቦላት አልነካችም፤ ከስልኩ አጠገብ እንደ ምሰሶ ተተክላ ቀረች። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ደወልሽና እየሳቅሽ፣ "ልክ ባልኩት ሰዓት ደረስኩ!" አልሽ። ለካ ያልሽው የነሱን የከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት፣ ያንን የቲኬቱን አሥራ አምስት ኖሯል! እኛ መጨነቅ ስንጀምር አንቺ ገና አውሮፕላኑ ላይ አልወጣሽም። ልጄ፣ አፍሽ የኛ፣ ሰዓትሽ የነሱ ከሆነ በየትኛው እንጠብቅሽ? ከእንግዲህ ስትደውዪ "በኛ" ወይም "በነሱ" በይ።

ወንድምሽ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት በሦስት ይለያያል እንጂ በረራው መሄጃውም መመለሻውም አምስት ሰዓት ነው ይላል። ስትሄጂ የጠፋው ሦስት ሰዓት የት ከርሞ ስትመለሺ እንደሚመጣ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። ለአያትሽ ግን ከቁርስ እስከ ምሳ ነው፣ ይደራረሳሉ አልኳት።

እናትሽ ጉንጭሽን ትስማለች። አባትሽ በርቺ ብሏል። አክስትሽ ትናፍቅሻለች፤ ያዋሰችሽ ሻንጣ ደግሞ የበለጠ ይናፍቃታል። ሹፌሩ ዳገቱን ቀስ ብለሽ ውጪው ብሏል።

የሚያበሳጭሽ አያትሽ
ከሳሎን፣ ከሰዓቱ ሥር
ጥቅምት ፲፬ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በኛ

አንዲት ነገር ፈጥሬአለሁና ልናዘዝ። አያትሽ ያን ቀን የሷንም የኔንም ምሳ በልታ ጋደም ብላ ነበር። ምሰሶው እኔ ነበርኩ።