የቦይለሩ ጨው

ሰኞ

«ሰው በረሃብ እየሞተ ኢንጂነሩ ስለ ጨው ያለቅሳል። ቦይለሩ አይቆምም። የፈራ ይሂድ።»

ሙዲሩ፣ ማለትም ሥራ አስኪያጁ፣ የጻፈው ነው፤ ቃል በቃል። ኢንጂነሩ እኔ ነኝ። በዐረብኛ ጽፎ፣ ሠራተኛ ሁሉ እንዲያየው፣ የቦይለር ቤቱ በር ላይ አስለጠፈው። እሳት አንዳጁ በሪሁን «ምን ይላል ጋሼ?» ሲለኝ ራሴ በአማርኛ አነበብኩለት። አንገቱን ደፋ።

ይህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለ የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ነው። ከኢትዮጵያ ድንበሩን የሚያቋርጠው ሰው ሲበዛ ከአጥሩ ጎን ወጥ ቤት ተከፈተና ከቦይለሩ የእንፋሎት ቧንቧ ተሳበለት። የሕፃናቱ ገንፎ የሚበስለው በእኔ እንፋሎት ነው። እናቶቹ ተራ ሲጠብቁ የቦይለር ቤቱን ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

የገዳሪፍ የጉድጓድ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ውሃው ቦይለሩ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ማለስለሻ ኖራውን ይይዛል፤ በየጊዜው በጨው ውሃ ካልታጠበ ግን ይጠግብና መያዙን ያቆማል። ያኔ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት ቦይለሩ ውስጥ ይጋገራል፤ ውሃው ብረቱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፤ እሳቱ ብረቱን ይበላዋል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ጨዉ ደግሞ ገንፎ ውስጥ ገብቷል።

ማክሰኞ

ገንፎ አብሳይዋን ዘነቡን ጠየቅኋት። የጎንደር ሴት ናት፤ ማንንም አትፈራም።

«የጨዉን ጆንያ ማን ሰጠሽ?»

«ሙዲሩ ውሰጂ አለኝ፣ ወሰድኩ። አልጫውን ሕፃን ይተፋዋል። ወይስ ጋሼ፣ ብረትም እንደ ሰው ጨው ያምረዋል?»

ወጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጆንያውን መልሺ ማለት ግን አልቻልኩም። ማን ይችላል?

ወደ ሙዲሩ ሄድኩ። ጨው ከፖርት ሱዳን እስኪመጣ መጭመቂያው ይቁም፤ በትንሽ እሳት ለወጥ ቤቱ ብቻ እንሥራ አልኩት። «ያ ባሽሙሃንዲስ፣ አንተ ኢንጂነር፣ ውሃ ውሃ ነው፤ ኻላስ፣ አበቃ!» አለና ሻይ አዘዘልኝ። ዘይቱ እንዳይጓደልበት ነው። ሕፃናቱን ጋሻ አድርጎ ዘይቱን ይከላከላል። ሻዩን ሳልቀምስ ወጣሁ።

ረቡዕ

ፈርቻለሁ። ደፍሬ ልጻፈው።

የጭስ ማውጫው ከወትሮው ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ውሃው አልገባም ማለት ነው። የታችኛውን ማፍሰሻ ስከፍት እንደ አሬራ የነጣ ዝቃጭ ወጣ። ኖራው ነው።

በሪሁንን ደጋግሜ አስጠነቀቅሁት፦ የውሃውን ልክ በሚያሳየው መስታወት ውስጥ ውሃ ካጣህ መጀመሪያ እሳቱን አጥፋ፤ ውሃ እንዳትጨምር።

«እንዴ ጋሼ! ለተቃጠለ ነገር ውሃ ካልሰጡት ምን ይሰጡታል?»

በመተማ ቆላ የማሳ ቃጠሎ ሲያጠፋ ያደገ ሰው ነው። በቀላ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ቤቱን በላያችን ላይ ማፈንዳት ነው አልኩት። «እሺ» አለ። ገብቶት ይሁን አክብሮኝ፣ አላወቅሁም።

ሐሙስ



ረፋዱ ላይ መስታወቱ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ይታያል። «ይኸው ሙሉ ነው፤ ዛሬስ አይፍሩ» አለ በሪሁን። ውሃው ግን አይወዛወዝም። በሚፈላ ቦይለር ላይ ዝም ብሎ የቆመ ውሃ ውሸት ነው። የመስታወቱን ማፍሰሻ ከፈትኩ፤ ውሃው ወርዶ እንፋሎት ብቻ ፏጨ። ዘጋሁት፤ ተመልሶ አልሞላም። የመስታወቱን የውሃ መግቢያ ኖራው ደፍኖት ኖሯል። ውስጡ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ የሚያውቅ የለም።

በሪሁን ዘሎ እጁን የውሃ ፓምፑ ማብሪያ ላይ አሳረፈ።

«እጅህን!» ብዬ ጮህኩ። እጁ እዚያው ደረቀ። የናፍጣውን ቧንቧ ዘግቼ፣ እሳቱ መጥፋቱን አይቼ ወጣሁ።

«ተነሡ! ከግድግዳው ራቁ!»

ከእናቶቹ አንዲቱ አልነሣም አለች። «ተራዬን ሊወስዱብኝ ነው?» ልጇን ከእቅፏ ነጥቄ ሮጥኩ፤ እየረገመችኝ ተከተለችኝ። ልጁ ምንም አይከብድም። ምንም።

አልፈነዳም። ብረቱ እየተንቋቋ በረደ። ዘነቡ በእንጨት ቀቀለች፤ ገንፎው በጣም ዘገየ። በመዘግየቱ የተጎዳ ልጅ ይኖር እንደሆነ አልጠየቅሁም። መልሱን ፈራሁ።

ዓርብ

ቦይለሩን ከፈትነው። ቱቦዎቹ ነጭ ድንጋይ ለብሰዋል፤ አንዱ ጎብጧል። በሪሁን ቅርፊቱን በጥፍሩ ፈርክሶ ቀመሰና «ይኼማ እውነትም ጨው የለውም» አለ። ከሰኞ ወዲህ ያን ጊዜ ብቻ ሳቅሁ።

ዘነቡ የተረፈውን ጨው በድስት ይዛ መጣች። ለአንድ እጥበት እንኳ አይበቃም። «ልጆቹን አልጫ አስለምዳቸዋለሁ፤ ግድግዳው ሥር ግን ከእንግዲህ ማንም አይቀመጥም» አለች።

ሙዲሩም መጣ። ከበሩ አላለፈም። «ታዲያ ፈነዳ? አልፈነዳም! ሰኞ አብራው።»

ቅዳሜ

ዛሬ ለሙዲሩ የሰጠሁት ደብዳቤ ግልባጭ፦

«ቦይለሩ ቅርፊቱ ሳይጠረግ፣ የጎበጠው ቱቦ ሳይለወጥ፣ ለማለስለሻው ጨው ሳይመጣ አይበራም። የናፍጣው ቧንቧ መክፈቻ እኔ ዘንድ ነው። ለወጥ ቤቱ እንጨት ዛሬውኑ ይላክ። በዚህ ካልተስማሙ፣ “ውሃ ውሃ ነው፤ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂው እኔ ነኝ” ብለው ይጻፉና ይፈርሙበት። ወረቀቱንም ራስዎ ባስለጠፉበት በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ለእናቶቹም በአማርኛ አነብላቸዋለሁ። መልስዎን በቃል አልቀበልም። እስከ ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ሕፃን ለገንፎ ሳይሰለፍ፣ በጽሑፍ ይድረሰኝ።»