ያላደረስኩት ሰላምታ

አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለእናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃው አላስቸገረሽም? አንቺ አዲሱን ሰፈር የለመድሽው ትመስያለሽ፤ ጎረቤትሽ ነፊሳ ግን አሁንም በመስኮት ብቅ እያለች ጎረቤት ስትጣራ ከካዛንቺስ የወጣች አልመሰላትም አሉ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉንፋኑ ለቆኛል። የላክሽውን ዝንጅብል አፍልቼ ጠጥቻለሁ፤ ስለዚህ እሱን አትጠይቂኝ።

ፊደሉን ያተለቅኩት ለዓይንሽ እንዲመች ነው። በጣትሽ እየተከተልሽ እንደምታነቢ ስለማውቅ መስመሩንም አራርቄዋለሁ። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው። ነፊሳ "ምን ይላል? ምን ይላል?" እያለች ከጎንሽ ብትቀመጥም ግድ የለኝም፤ እሷም አለችበት። "በየእሑዱ እየመጣሽ ደብዳቤ ምን አመጣው?" ትዪ ይሆናል። አፍ ለአፍ ከሆነ ገና ስጀምር "ተይው በቃ፣ ምሳሽን ብዪ" ብለሽ ታቋርጪኛለሽ። ደብዳቤ ግን አይቋረጥልሽም።

ባለፈው እሑድ ስለ መጽሐፌ ሳወራሽ ድንች እየላጥሽ ነበር። ቢላዋውን ሳታስቀምጪ፣ ቀና ብለሽም ሳታዪኝ፣ "እኔስ አለሁበት?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "እንዴ፣ ታዲያስ!" አልኩሽ።

ዋሸሁሽ እማዬ። የለሽበትም። ይባስ ብሎ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሞተሻል።

"እናቴ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ" ብሎ ነው የሚጀምረው። ስጽፈው አንዴም አልሰረዝኩትም። ለአስተማሪዎቼ፣ ለዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ፣ ፋርማሲ አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ ስናገረው ስለኖርኩ ለምዶኛል። እሑድ እሑድ አንቺ ዘንድ ስመጣ "ያሳደገችኝን ሴትዮ ልጠይቅ" እላቸዋለሁ። የምረቃ ፎቶዬ ላይ ከጎኔ የቆመችው ነፊሳ ናት። አንቺ "መኪና ያዞረኛል" ብለሽ ቀረሽ፤ እኔም ነይ ብዬ አልለመንኩሽም። እውነቱን ልንገርሽና፣ ያን ዕለት መኪና ስለሚያዞርሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነገሩ ከየት እንደጀመረ ልጻፍልሽ። የማታውቂው መስሎኝ ሃያ አምስት ዓመት ስደብቅሽ የኖርኩት ነው።

አባዬ ሞቶ፣ ከኪራይ ቤታችን ወጥተን፣ እዚህ ቡልጋሪያ ከጋራዡ አጥር አስጠግተን ላስቲክ የወጠርን ዓመት ነው። አንቺ በየሰው ቤት ልብስ ታጥቢያለሽ፤ ሥራ ሲጠፋ ኡራኤል በር ላይ ትቀመጫለሽ። እኔ ደግሞ የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ልጆቹ "ሀ፣ ሁ" ሲሉ ከውጭ ሆኜ አብሬ እጮሃለሁ። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ፣ አቶ ገብረሕይወት፣ መጥተው ከአጥሩ አወረዱኝ። ሊገርፉኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። መማር እፈልግ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው "እንግዲያው ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ" አሉኝ።

ወላጅ ነበረኝ። ወላጄ ግን ቀሚሷ በሦስት ዓይነት ጨርቅ የተጣፈ ነው፤ የግራና የቀኝ ጫማዋም አይመሳሰልም። አንቺን ይዤ ብሄድ "ነይ" ያሉኝ ሰውዬ "ሂጂ" የሚሉኝ መሰለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ጭንቅላት ነው እማዬ፣ ግን የኔ ጭንቅላት ነበር። ካዛንቺስ ሰልባጅ ልብስ ወደምትሸጠው ወደ ነፊሳ ሮጥኩና "ነገ አንዴ እናቴ ሁኚልኝ" አልኳት። በእጇ የያዘችውን መስቀያ አስቀምጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እናትሽስ የት ሄደች አለችኝ። አሟታል አልኳት። "ወላሂ በይ" አለችኝ። እኔም አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ጨብጬ "ወላሂ" አልኳት። ማተብ ያሰረች ልጅ ሂጃብ ያደረገች እናት ይዛ ስትገባ ሰው ምን ይላል ብዬ አላሰብኩም።

ነፊሳ ሄደችልኝ። እኔን ደጅ አስቁመው እሷን ወደ ቢሮ አስገቧት። ስትወጣ "ተመዝግበሻል" አለችኝና ጆሮዬን አጥብቃ ቆነጠጠችኝ። ለምን እንደቆነጠጠችኝ አልገባኝም። ለአንቺ "ነፊሳ አስመዘገበችኝ" ብዬ ስነግርሽ "እሰይ" አልሽ፤ ሌላ ምንም አላልሽም። በማግስቱ ልብስ አጠባ ውለሽ ስትመጪ የግራ አውራ ጣትሽ ሐምራዊ ሆኗል። "የሰው ልብስ ለቆብኝ ነው" አልሽኝ። አመንኩሽ።

የቤት ሥራዬን የምታዪልኝ ትዝ ይልሻል? ያኔ ፊደል አትለዪም፤ አንዳንዴ ደብተሩን ገልብጠሽው ነው የምትይዢው። ግን ትክ ብለሽ አይተሽ፣ ያንን በቆርቆሮ ተሰንጥቆ የዳነውን አውራ ጣትሽን አንዱ መስመር ላይ ታሳርፊና "ይቺን ተጣድፈሽ ነው የጻፍሻት" ትዪኛለሽ። ልክ ነበርሽ። የጣትሽን ጠባሳ እያየሁ መስመሩን አጥፍቼ እንደገና እጽፋለሁ። የሚኒስትሪ ፈተና ያሳለፈኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ፣ ዛሬ ነጭ ጋውን ያስለበሰኝ እሱ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ግን "ደብተሬን የሚያይልኝ ሰው አልነበረም" ብዬ ጽፌያለሁ። ገጽ አሥራ ሰባት።

አሁን የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ላጲሴን ረስቼ ሄድኩ። አንቺ ልታደርሺልኝ መጣሽ። ዕረፍት ሰዓት ነው፤ እኔና የክፍሌ ልጅ ሳምራ በሩ አጠገብ ቆመናል። ሳምራ ከሩቅ አየችሽና "ይቺን ሴትዮ ኡራኤል ስትለምን አይቻታለሁ፤ ወዳንቺ እኮ ነው የምትመጣው፤ እናትሽ ናት እንዴ?" አለችኝ። "አላውቃትም፣ የኔ እናት ሞታለች" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሁለት እርምጃ ያህል ነበር የቀረሽ። ቆም አልሽ። ከዚያ ላጲሱን ዘረጋሽልኝና "የኔ እመቤት፣ ይሄ ወድቆብሽ ነው" ብለሽኝ ተመለስሽ።

እንደ ሌላ ሰው ልጅ ጠራሽኝ። ያዳንሽኝ መስሎሽ ነው፤ ያን ዕለትማ አዳንሽኝ።

ቤት ስመጣ ትቆጪኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። "ላጲስሽን አገኘሽ?" ብቻ ነው ያልሽኝ። ብትመቺኝ ይሻለኝ ነበር። ያን በማለትሽ ተናድጄ "ሁለተኛ በትምህርት ቤቴ በኩል እንዳታልፊ" አልኩሽ። "እሺ የኔ ልጅ" አልሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኡራኤል ለመሄድ ዙሪያውን፣ በባምቢስ በኩል ሆነ መንገድሽ። ዝናብም ቢሆን፣ የሰው ልብስ ተሸክመሽም ቢሆን። ዛሬ ጉልበትሽን ስታሺ ሳይ ያ ዙሪያ መንገድ ነው ፊቴ ድቅን የሚለው።

እኔ ከዚያ ወዲያ ለልጆቹ እናቴ ሞታለች፣ የምታሳድገኝ ነፊሳ ናት እያልኩ ተማርኩ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ደግሞ ነፊሳን እናት ብሎ የጻፈ ይመስለኝ ነበር። አቶ ገብረሕይወት ዓርብ ዓርብ ባንዲራ ከወረደ በኋላ በር ላይ ቆመው ያሰናብቱናል። እኔ ስደርስ ሁልጊዜ "እናትሽን ሰላም በይልኝ" ይሉኛል። እኔም ወደ ነፊሳ እየሮጥኩ "አቶ ገብረሕይወት ሰላም ብለውሻል" እላታለሁ። ነፊሳም ልብሷን እያጠፈች "ለእናትሽ አድርሺ አቦ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ" ትለኛለች። ቀልዷ ነው ብዬ እስቃለሁ። ለአንቺ አንድም ቀን አላደረስኩልሽም።

ባለፈው ረቡዕ ከሥራ ወጥቼ ኡራኤል ታክሲ ስጠብቅ አቶ ገብረሕይወትን አገኘኋቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ከዘራ ይዘዋል፤ እኔን ለማወቅ ግን ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እናትሽ እንዴት ናት አሉኝ። "ነፊሳ ደህና ናት፣ ሰፈር ቀየረች" አልኳቸው። "ነፊሳን ስጠይቅ በስሟ ነው የምጠይቀው። እኔ እናትሽን ነው ያልኩሽ" አሉኝ። ቀጥለውም "ያን ሁሉ ዓመት ሰላምታዬን ታደርሺልኝ አልነበረም?" አሉኝ። ታክሲው መጣ፤ ሰው ተጋፍቶ ገባ፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። ተጨማሪ ነገር እንዲነግሩኝ ብለምናቸውም "መዝገቡ አለ፣ ሄደሽ እዪው" ብለው ሄዱ።

ትናንት ፈቃድ ጠይቄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጅ አቧራውን እያራገፈች የዚያን ዓመት መዝገብ አወጣችልኝ። "የእናት ስም" በሚለው ላይ የአንቺ ስም ከነአባትሽ ተጽፏል። "በሕይወት አለች ወይስ የለችም" በሚለው ላይ "አለች" የሚለው ተከቧል። አድራሻ፣ "ቡልጋሪያ፣ ጋራዡ አጥር ሥር"። ነፊሳ "ምስክር" በሚለው ቦታ ላይ ፈርማለች። ከሷ በታች፣ የማግስቱ ቀን ተጽፎበት፣ "የወላጅ ፊርማ" በሚለው ላይ ሐምራዊ የጣት አሻራ አለ። መሃሉን አንድ ነጭ መስመር አቋርጦታል።

የስንቱን ሐኪም ጭረት እያነበብኩ መድኃኒት የምሰጥ ሰው ነኝ እማዬ። እንደዚያች የምትነበብ ጽሑፍ ገጥሞኝ አያውቅም። የሰው ልብስ አልነበረም የለቀቀብሽ።

መዝገቡ ላይ አለቀስኩበት፤ ልጅቷ ቀለሙ እንዳይበላሽ ብላ ቀማችኝ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩብሽ። እንዴት ያን ሁሉ ዓመት ዝም ትያለሽ? ምን ለብሰሽ ሄድሽ? አቶ ገብረሕይወትን ምን ብለሽ ለመንሻቸው? ነፊሳን ዛሬ ጠዋት በስልክ ብጠይቃት "ለዚያን ቀን ያዋስኳትን ሰማያዊ ቀሚስ አጥባ ነው የመለሰችልኝ፣ ሌላውን እናትሽን ጠይቂ" ብላ ዘጋችብኝ። ትንሽ ቆይታ መልሳ ደወለችና እሷም አለቀሰች።

ለአሳታሚዬ ለሔኖክም ደውዬለታለሁ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። "ማለቴ፣ የወላጅ አልባ ልጅ ታሪክ ብለን እኮ ነው ያስተዋወቅነው፤ እናትሽ በሕይወት ካለች በቃ ሁሉም ነገር ይበላሻል" አለኝ። በሕይወት መኖርሽ ሥራ ያበላሸበት ሰው አገኘሁ እልሻለሁ። እስከ ሰኞ እንዲያቆመው አድርጌያለሁ። ነገ የነፊሳ ልጅ ይህን ታደርስልሻለች፤ እሑድ እመጣለሁ፤ ያኔ መልስሽን ትነግሪኛለሽ። ይጻፍ ካልሽ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ልክ እንደነበርሽ እጽፍሻለሁ፤ ላስቲኩንም፣ ኡራኤልንም፣ ላጲሱንም። የኔ ነገር አደባባይ አይውጣ ካልሽ መጽሐፉ ይቀራል፤ አልከፋብሽም። ሞተሽ ግን አትወጪም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ትምህርት ቤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በወላጆች ቀን ንግግር እንዳደርግ ጠርቶኛል። አዲሷ ርእሰ መምህር ቤተሰብ ካለሽ ይዘሽ ነይ ብላኛለች። "ወላጅ ይዤ እመጣለሁ" አልኳት። መኪናው እንዳያዞርሽ ከፊት ወንበር አስይዤ እወስድሻለሁ። ታዲያ እማዬ፣ እባክሽ በትምህርት ቤቴ በኩል ነይ። በዙሪያው አይደለም፤ በዋናው በር። "እናትሽ ናት እንዴ?" የሚለኝ ሰው ካለ፣ አሁንም ጮክ ብዬ ነው የምመልሰው።

ነፊሳን ሰላም በይልኝ፤ ጆሮዬን ለምን እንደቆነጠጠችኝ ገብቶኛል በያት። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ደጅሽን በሰላም ያቆይልኝ።

አቶ ገብረሕይወት ሰላም ብለውሻል። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ዓርብ ዓርብ፣ ሰላም ብለውሻል። ስለዘገየሁ ይቅር በዪኝ።

የወለድሽኝ ልጅሽ