ለአድማሴ ያልተተኮሰው ጥይት

ውድ አያ ጌታው፥

እንዴት ሰነበትህ አልልህም፤ ከቀብሩ ወዲህ እኔን እንዴት ሰነበትህ ያለኝ የለምና። ጸሐፊ ፍለጋ ገበያ አልወጣሁም። ፊደሌ ቢንጋደድም የራሴ ነው፤ ለፍተህ አንብበው።

ልጄን አድማሴን ክርስትና ያነሣኸው አንተ ነህ። የዚያን ለት ከደጀ ሰላሙ ወጥተህ ምንሽር ጠመንጃህን ስታንጣጣው፥ እናቱ ሐረገወይን፥ ነፍሷን ይማርና፥ "ልጄን አስደነገጥኸው!" ብላ ተቆጣችህ። አንተም "የወንድ ልጅ ጆሮ ይልመደው እንጂ!" ብለህ ሣቅህ።

ጎንደር ላይ ለዘውዱ በዓል ርችት ከሚለኩሱት አንዱ እንዲሆን ሲመርጡት መጥቶ ነገረኝ። "የማይገድል ተኩስ ምኑን ተኩስ ሆነ?" ብዬ ቀለድሁበት።

"ርችት ነው እንጂ ተኩስ አይደለም፥ አባዬ። በጥልያን ጊዜ አውሮፕላን ሲመጣ ዋሻ ውስጥ ራሴን በጋቢህ ሸፍነህ ትይዘኝ አልነበር? አሁን ያው ሕዝብ ቀና ብሎ ሰማይ እያየ ይሥቃል" አለኝ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ሸጋ ነው እንኳ አላልሁትም።

አንዱ ርችት ወደ ላይ አልሄድ ብሎ እጁ ላይ ፈነዳ። በዓል ተመልካቹ ጩኸቱን ከጨዋታው ቆጥሮ እልል ይል ነበር አሉ። በማግስቱ ሬሳውን በጭነት ማኪና ኮሶዬ አደረሱልኝ።

መቃብሩ አፍ ላይ ጠመንጃ የያዘው ሁሉ የስንብቱን ተኩስ እንድትጀምር አንተን አየ። አንተ ግን ምንሽርህን ከትከሻህ ሳታወርድ "ተኩስ በተኩስ ለወደቀ ነው። ርችት የልጆች ጨዋታ ነው" አልህ። ከኋላ አንዱ "እንግዲያ ርችት ይለኩሱለታ!" ሲል ሰው አፉን በነጠላው ይዞ ሣቀ። ልጄ በዝምታ ወረደ፤ የአፈሩ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

አያ፥ ልዩነቱን እኔም አላጣሁት፤ አብረን ዱር ገብተን የለ። ተኩስ የሚፈልገው ሰው አለው። ርችት ማንንም አይፈልግም። ታዲያ ማንንም የማይፈልገው ልጄን ካገኘው፥ እኔ ማንን ልጥላ? በተኩስ ቢሞት ደሙን እመልስ ነበር። አሁን ጠላት እንኳ የለኝ። ማታ ማታ ጠመንጃዬን እወለውላለሁ፤ ወዴት እንደማዞረው ግን አላውቅም።

አርባው እሑድ ነው። ና ብዬ አልለምንህም፤ ለምኜ አላውቅም። ዓይኔ ከድቶኛል፤ ሰማይ ለመምታት ግን ዓይን አያስፈልግም። ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ ራስጌ ቆሜ እተኩስለታለሁ። ድምፁ ካንተ ደጅ ይደርሳል። ልጆችህ "ምንድነው?" ያሉህ እንደሆነ፥ ተኩስ ነው ወይስ ርችት፥ የትኛውን እንደምትላቸው አንተ ታውቃለህ።

ያልለመነህ ወንድምህ
ቢያዝን እንኳየሁ
ኮሶዬ፥ ኅዳር ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.