ከፉርጎው ላይ የተፋቀው

ኅዳር 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለድንቡሼ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? የእኔን አትጠይቀኝ። "ደህና ነኝ" ብዬ እንዳልጀምር ውሸት አይሆንልኝም፤ አንተም ታውቀኛለህ።

የባቡር ጥገናው ጋራዥ የተከፈተበትን ሰማንያኛ ዓመት በቅርስ ቀን ሊያከብሩ መሆኑን በስልክ ነግሬህ ነበር። አርማውን፣ ፖስተሩን፣ ቲሸርቱን፣ ሁሉንም እንድሠራ የመረጡት እኔን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስስል ስሰርዝ ከረምኩ፤ ምንም ጠብ አላለልኝም። በኋላ አባባ በወጣትነቱ እዚያው ጋራዥ ሲሠራ በእጁ የጻፈበት ፉርጎ ትዝ አለኝ። ሌሎቹ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠው የቀረው እሱ ብቻ ነበር። የ"ጋ"ን እግር እንዴት አድርጎ ወደ ውጭ እንደሚጥላት ታስታውሳለህ? ልክ ለመራመድ እንደተነሣ ሰው። ያቺን ፊደል እንዳለች ቀድቼ አርማ አደረግኳት። የበዓሉ ኮሚቴ በጭብጨባ ተቀበለኝ።

ከዚያ መመሪያ ጻፍኩላቸው። "አርማው በንጹሕ ነጭ መደብ ላይ ብቻ ይለጠፍ" አልኩ። በገዛ እጄ፣ ወንድሜ። በገዛ ፊርማዬ።

ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ጋራዡ ስደርስ ፉርጎው እንደ እንቁላል ነጥቶ ቆሟል። "ምን አደረጋችሁት?" ብዬ ጮኽኩ። ቀለም ቀቢው ክው አለ።

"እትዬ፣ አሮጌውን ጽሑፍ ፍቀን ነው ያነጣነው። መመሪያው ነው እኮ እንዲህ አድርጉ ያለን።"

እውነቱን ነው። መሬት ላይ የረገፈውን የቀለም ቅርፊት በመሀረብ ልሰበስብ ጎንበስ አልኩ፤ ዱቄት ሆኖ ከጣቴ ላይ በነነ።

አባባን ሰበብ ፈልጌ ላስቀረው አስቤ ነበር። እሱ ግን በጠዋት ተነሥቶ "ሸሚዜን ተኩሽልኝ" አለ። አንጀቴ አልቻለም፤ በዊልቸር ወሰድኩት። ፉርጎውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ቀና ብሎ አርማውን አየ።

"ይሄ የማን ነው?"

"ያንተ ነዋ፣ አባባ። የራስህ ፊደል እኮ ነው።"

"አይደለም ልጄ" አለኝ። "የእኔ ትንፋሽ ነበረው። ይሄ የሞተ ነው።"

የበዓሉ ንግግር እንኳ ሳያልቅ "ቤቴ ውሰጂኝ" አለ። ይኸው ዛሬ ዐሥራ ሁለት ቀኑ፣ ከአልጋ አልወረደም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ሐኪሙ "ዕድሜ ነው" ብሎ ሄደ። ዕድሜ አለመሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተነፈስኩም። ጎረቤት "እጅሽ ይባረክ" ባለኝ ቁጥር እጄን ቆርጬ ብጥለው ደስ ይለኛል።

ዛሬ ጠዋት ውኃ ላጠጣው ቀና ሳደርገው አንተን ጠራህ። "ልጁ ከፉርጎው ሥር ፎቶ ተነሥቶ ነበር፤ የት ገባ?" አለኝ። ፎቶው ይሁን አንተ፣ የጠየቀው የትኛውን እንደሆነ አልገባኝም።

ፎቶዋ አንተ ጋ ካለች፣ ከኋላህ ፊደሎቹ ከታዩ፣ በፖስታ አትላካት፤ መንገድ ላይ ትጠፋለች። በስልክም አትላካት፤ ዓይኑ ስልክ ላይ ያለ ነገር ማየት ትቷል። እንዴት እንደምትደርሰው አንተ ታውቃለህ። ፍጠን አልልህም፤ የሥራህን ነገር አውቃለሁ። ብቻ ውኃውንም ከትናንት ጀምሮ በማንኪያ ነው የምሰጠው።

ፈጣሪ በሄድክበት ሁሉ ይከተልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ።

እህትህ