«ጓሳ ላይ መብረቅ»ን አያቴ የሰሙ ዕለት

አባዬ፣

ከሄድክ ስምንት ወር አለፈ። «እንዴት ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ላንተ የማይሆን ጥያቄ ሆነብኝና ተውኩት። ስለዚህ የእኛን ልንገርህ።

እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ከስታለች። ሱቅህን ግን አልዘጋነውም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔ እከፍተዋለሁ። የስልክ ስክሪን መቀየር እችላለሁ፣ ቻርጀር የሚሰካበትን ማጽዳት እችላለሁ፤ ከዚያ የባሰ ብልሽት ከመጣ «ዕቃው ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ታገሡ» እላለሁ፣ ልክ እንዳንተ። ዕቃው ግን አይመጣም። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። አንተንስ የወሰደህ እሱ አይደል? ሐኪሞቹ ሳንባው ነው፣ ቶሎ ደብረ ብርሃን አድርሱት ሲሉን፣ መኪና የሚያልፍበት ቀን እስኪገኝ ስንጠብቅ አንተ መኪና ወደማያስፈልግበት ቀድመህ ሄድክ።

ቤታችን ውስጥ ሙዚቃ የለም። ዓመትህ ሳይወጣ ሐዘን ቤት ሬዲዮ አይከፈትም ብለው እህትህ እትዬ አስካለ ደንግገዋል። የስልኬን ጥሪ እንኳ አስጠፍተውኛል። የራሳቸው ስልክ ሲጮህ ግን ግማሹን መዝሙር አስጨርሰው ነው የሚያነሱት። ለምን ስላቸው «የኔ መንፈሳዊ ነው!» አሉኝ። ደዋዩ ተሰላችቶ ሲዘጋባቸው ደግሞ የሰውን ትዕግሥት ማጣት ያማርራሉ።

ይህን ሁሉ የማወራህ ወደ ካሴቱ ለመድረስ ነው።

«ጓሳ ላይ መብረቅ»። አንተና ሦስት ጓደኞችህ በሃያ ምናምን ዓመታችሁ አዲስ አበባ ላይ የሠራችሁት ብቸኛ አልበም። ሮክ ነው። እዚህ ሞላሌ ውስጥ ሮክ ምን እንደሆነ የምናውቅ እኔና አንተ ብቻ ነበርን፤ አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ። ሽፋኑ ላይ አራታችሁም ጎፈሬያችሁን አበጥራችሁ፣ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከሳለው ባሕርና ዘንባባ ፊት ቆማችኋል። ስሙ የብርዱ ደጋችን ጓሳ፣ ዛፉ የቆላ ዘንባባ! እሱን አንሥቼ ስስቅብህ አንተም አብረኸኝ ትስቅ ነበር።

ታምመህ በተኛህባቸው ሳምንታት ኔትወርክ አልነበረም። አንተን ከቀበርን በኋላ ተለቀቀ። ያኔ ምን እንዳገኘሁ ገምት። አንድ የማላውቀው ልጅ ካሴቱን ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል። ከሥሩ አስተያየቱ መዓት ነው። «ዘመኑን የቀደመ ሥራ!» ይላል አንዱ። «ያኔ ሰው ምን ነክቶት ነው ያልሰማው?» ይላል ሌላው። ከዚያ «ጊታሪስቱ ማነው?» የሚል ጥያቄ አለ። አንዱ «ድሮ ሞቷል» ብሎ መለሰ። ሌላዋ «ውሸት ነው፣ ስዊድን ነው ያለው፣ አጎቴ ያውቀዋል» አለች። ተናደድኩና «ኧረ ሞላሌ ነው ያለው» ብዬ ጻፍኩ። የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። አጠፋሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ስላንተ ሳይጠይቅ ኖረህ፣ አሁን ይጠይቃሉ።

እኔም እንደ አዲስ ሰማሁት። ሰዎቹ አጋንነዋል፤ ካንተ ምን ይደበቃል። ሁለተኛው ዘፈን አሁንም ያንቀላፋል። የፍቅሩ ዘፈን ላይ ዘፋኛችሁ ልጅቷን እየለመናት ይሁን ፍርድ ቤት ከሶ አቁሟት አይለይም። የመጨረሻው ረጅሙ ግን ሌላ ነው። ድሮ ስታሰማኝ ጊታሩ ጩኸት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሰው ነው የሚመስለኝ፤ የሚለው ሳያጣ ሰሚ ያጣ፣ ደጋግሞ የሚጣራ ሰው።

ማንን እንደምትጣራ ደግሞ አውቃለሁ። አያቴን ነው።

ካሴቱን ይዘህ ከአዲስ አበባ የመጣህ ጊዜ፣ ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ አጫወትክላቸው። ጎረቤታችን ጋሽ ወንድይራድ «ምንድነው፣ ጅብ ጀሪካን ውስጥ ገብቶ ነው?» አሉ። ይህችን ቀልድ እስከ ዛሬ ትናንት እንደተናገሯት አድርገው ይደግሟታል፣ ራሳቸውም ቀድመው ይስቃሉ። ሌላውም የመሰለውን አለ። አባትህ ብቻ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ድረስ ተማሪ እየመጣ ዜማ የሚማርባቸው መሪጌታ፣ የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ተነሥተው ወጡ። ክፉም ደግም አላሉም። ያን ቀን አላሉም፣ ጊታሩን ሸጠህ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነህ ስትመለስም አላሉም፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁሉ አላሉም። ስለ በጉ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ እኔ ባለጌነት ሁሉንም ታወሩ ነበር። ስለ ካሴቱ ግን ምንም። «ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር» ያልከኝ አይረሳኝም።

ፍትሐትህ ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው አልተሰበረም። ለቀስተኛው «እንዴት ያለ ጽናት ነው» እያለ ተደነቀ። እኔ ደግሞ ውስጤ እየነደደ፣ እሱን ሁሉ ዜማ ከማውረድ አንዲት ቃል ለልጅዎ በነገሩት እል ነበር።

ከቀብርህ በኋላ እንግዲህ ጆሯቸው እያለቀ ሄደ። ግራው ጨርሶ ተዘጋ፤ ቀኙም ሊከተለው ጓዙን መሸከፍ ያዘ። ማኅሌት ላይ ተማሪ ሲስት ዝም ብለው ማለፍ ጀመሩ። ሰው «መሪጌታ በስተርጅና ትዕግሥት አበዙ» ይል ነበር። ትዕግሥት አይደለም አባዬ፣ አልሰሙትም።

ዓመትህ እስኪወጣ ብጠብቅ አያቴ አንተን ሳይሰሙህ ጆሯቸው ይዘጋል። ባልጠብቅ ሐዘንህን አፍርሼ የሰው አፍ ውስጥ እገባለሁ። የሰው አፍ ውስጥ መግባት ለምጃለሁ፤ አልጠበቅኩም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሱቁ በር ላይ ያዝኳቸው። «አባባ፣ ጆሮ የሚመረምር መሣሪያ መጥቷል፣ ልሞክርልዎት» ብዬ ዋሸኋቸው። እሳቸውም «በነፃ ነው?» ብለው ገቡ። አንተ የጠገንከውን ካሴት ማጫወቻ አወጣሁና ቀዩን ሄድፎን ሰካሁበት። ጥምጥማቸው አላስገባ አለ። ሲያወልቁት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን አየሁት፤ ትንሽ ነው፣ የሕፃን ይመስላል። ደነገጥኩ። ድምፁን እስከ ጫፍ ከፈትኩት።

የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር አወቁት። ፊታቸው ላይ አየሁት። ይነሣሉ ብዬ ጠበቅኩ። መቋሚያቸውን ጨብጠው እንደተቀመጡ ቀሩ። ጩኸቱ ከሄድፎኑ አልፎ መንገድ ላይ ይሰማ ስለነበር እትዬ አስካለ በሩን ሞልተው ከች አሉ። «አንቺ ልጅ፣ የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ጊታር?!» በሩ ሲጨልም አያቴ ሳይዞሩ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። እትዬ አስካለ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም፤ ይህም በአልበሙ ይቆጠርልህ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ አያቴ «ከበሮ መቺውን ማን እያባረረው ነው?» ብለው ጮኹ። ጆሯቸው ተሸፍኖ ስለነበር የሚናገሩት እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ሳቄ መጣ። ካሴቱን ገለበጥኩላቸው፤ የፍቅሩ ዘፈን ላይ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ እሱስ እውነታቸውን ነው።

ረጅሙ ሲመጣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጊታርህ ወጣ፣ ወጣ፣ መሐል ላይ ሲደርስ ድንገት ዝቅ አለ። አያቴ መቋሚያቸውን አንሥተው ወለሉን መቱት። «ደምሴ! እዚህ ጋ አይወረድም። ድገም!» አሉህ።

ሳቄ እዚያው ደረቀ። እሳቸው ዘንድ መታረም ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። የማይሆን ነው ያሉትን ተማሪ አይቆጡትም፣ አይመቱትም፤ እያዜመ ትተውት ይሄዳሉ። የሚያርሙት የኔ ያሉትን ብቻ ነው።

ወደ ኋላ መለስኩት። ጊታርህ ወጣ፣ ወጣ፣ እዚያው ቦታ ወረደ። «ድገም» አሉ። መለስኩት። አሁንም ወረድክ። እንደገና መለስኩት። በዚህኛው መቋሚያቸውን አላነሡም። ዓይናቸውን ገለጡ። ካሴት ማጫወቻውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ የሱቁን ግድግዳ አዩ፣ ያን ሁሉ የተፈታታ ሬዲዮህን። «ለካ አይታረምም» አሉ። አሁን አልጮኹም፤ አጠገባቸው ባልሆን አልሰማውም ነበር።

ከዚያ አለቀሱ አባዬ። ቀብርህ ላይ ያላለቀሱትን ሱቅህ ውስጥ፣ ቀይ ሄድፎን አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ አለቀሱት። ጥምጥማቸውን መልሰው ለመጠምጠም እጃቸው እምቢ አላቸው። እትዬ አስካለ ጠመጠሙላቸው፤ አያውቁበትም፤ እንደ ቁስለኛ ጠቅልለው ይዘዋቸው ወጡ። ስለ ጊታሩ ለማንም አልተናገሩም። እንደማይናገሩ ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ያ ከሆነ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ቀኝ ጆሯቸውም ተዘግቷል። አሁን የምናናግራቸው በእጅ ምልክት ነው። ካሴቱን መልሰው አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም የማሰማቸው የለም።

እዚያ ቦታ ላይ ለምን እንደወረድክ ግን አውቅ ነበር። ነግረኸኛል። ልጅ ሳለህ ለባና፣ ለሱፉ ብርድ ልብሳችን፣ የሚሆነውን የበግ ጠጉር ጅማት በተወጠረበት ደጋን ስትነድፍ፣ ጅማቱ የተቋጠረ ጠጉር ሲያገኝ ድምፁ ይወርድና ሲፈታለት ይነሣ ነበር። ያንን ነው ጊታር ላይ ያመጣኸው። ስሕተት አይደለም። ያን ዕለት ለአያቴ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ዕድሜህን ሙሉ ጠብቀህ ያገኘኸውን እርማት እንዴት ልቀማህ? ዋጥኩት።

እንግዲህ አያቴ አርመው ያስቡህ፤ ለፍተውበታልና መብታቸው ነው። እማዬም አሳምራ ታስብህ፤ አሁንማ ሁለት ሁለት ቀን የሚዘልቀውን ኩርፊያህን ሁሉ ረስታ መልአክ አድርጋሃለች። ሽሮህ ላይ ስኳር ትነሰንስ እንደነበር ባነሣባት «ልጄ፣ ሙት አይታማም» ትለኛለች። እኔ ግን ቃል እገባልሃለሁ። ከስኳርህም፣ ከኩርፊያህም፣ መሐል ላይ ከወረድክባትም አንዲት ሳልቀንስ፣ እስካለሁ ድረስ ሳላርምህ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ
ሰናይት