ወደ ሆሞሻ ብቻዬን የሄድኩበት ቅዳሜ

ታደለች፣

ከሄድሽ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አልጻፍኩልሽም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ለማን ነው የምጽፈው እያልኩ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጠው ነበር። አሁንም በርትቼ እንዳይመስልሽ። ደክሞኛል። ሰው ሲደክመው ከለመደው ሰው ጋር ነው ማውራት የሚሻው፤ እኔ ደግሞ ከአንቺ ሌላ የለመድኩት ሰው የለኝም።

የቤቱን ነገር ላስቀድም። በሰኔ ነፋስ የማንጎው ትልቁ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የኩሽናውን ቆርቆሮ ጎዳው። አላስጠገንኩትም፤ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ ክረምቱን አለፍኩት። የጓሮው የቀርከሃ አጥር በስብሶ የጎረቤት ፍየሎች ገብተው ጎመንሽን ጨረሱት። ቆሜ እያየሁ ለማባረር ጉልበት አጣሁ። ሳራ በየእሁዱ ከሐዋሳ ትደውላለች። "አባዬ፣ ክፍልህን አዘጋጅተናል፣ ምን ትጠብቃለህ?" ትለኛለች። ልጃችን ያንቺን ድምፅ እየያዘች መጥታለች፤ አንዳንዴ ስልኩን ሳላናግራት የምዘጋው ለዚህ ነው፣ እሷ ግን ኔትወርክ ይመስላታል።

ቤተ ክርስቲያኗ ከነሐሴ ጀምሮ ጡረታ አውጥታኛለች። አዲስ ወንጌላዊ ከነሚስቱ ተመድቦ በጥር ይመጣል፣ ቤቱም ለእነሱ ይለቀቃል። ወጣት ባልና ሚስት ናቸው አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንኖርበት የአገልጋይ ቤት መሆኑን ረስቼው ኖሯል።

ዘንድሮ ዝናቡ መስከረም ሳያልቅ አቆመ። መንገዱ ደርቋል፤ ሳሩ ከሰው ቁመት በልጦ ጫፉ መቅላት ጀምሯል። ይህ ያንቺ ወቅት ነበር። አሶሳ በመጣን በሁለተኛው ዓመት "የሰው አገር መጥተን፣ አገሩን ሳናየው ልናረጅ ነው" ብለሽ ሕግ አወጣሽ። ከመስቀል ጀምሮ ሳሩ እስኪቃጠል ድረስ ቅዳሜ የኛ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ቤት ይቀራል፣ ወንጌላዊው አይሰብክም። ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዘሽ፣ ነጠላሽን በጥርስሽ ነክሰሽ ከሞተሩ ኋላ ትቀመጫለሽ። ስንቱን አየን። ባምባሲ አካባቢ ቀርከሃው ውስጥ ገብተን መውጫው ጠፍቶን ነበር። ዳቡስ ድልድይ ላይ ቆመሽ፣ ድፍርሱ ወንዝ ጉማሬ ካላሳየኝ አልሄድም ብለሽ ግማሽ ቀን አስቆምሽኝ፤ ጉማሬም አልወጣ። ኩርሙክ ድረስ በዚያ ኮረኮንች ወገባችን ተቆርጦ ደርሰን፣ ማዶውን ሱዳንን ትክ ብለሽ አይተሽ "ያው ሳር ነው" አልሽና ዞረሽ ዳቦሽን መቁረስ ጀመርሽ። እኔ በየሄድንበት የማስበው ስንት ሰው በዚህ አለ፣ ማን ይላካል፣ በሪፖርቴ ምን እጽፋለሁ የሚለውን ነበር። አንቺ ታዪ ነበር፣ እኔ እቆጥር ነበር።

እውነቱን ልናገር ካልኩ የሆሞሻውን መናገር አለብኝ።

ሆሞሻን የወደድሽው ዘግይቶ የመጣ ዝናብ መንገድ ላይ ይዞን እማማ ሐዋ ቤት የተጠለልን ቀን ነው። ቀዩን የከርከዴ አበባ አፍልተው አጠጡን። ባለቤታቸው ሽማግሌው ደግሞ ሞተራችን ላይ ላስቲክ አለበሱልን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ለእነሱ ሆነ። ሰዎቹ የበርታ ተወላጆች ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ አማርኛቸው እንደነገሩ ነው፤ አንቺ ግን ከሐዋ ጋር በባሚያ ቆረጣ ብቻ ቀኑን ሙሉ ስትግባቢ ትውያለሽ።

የዛሬ ስምንት ዓመት በጥቅምት ስንሄድ ደጃቸው በሰው ተሞልቶ አገኘነው። የመጀመሪያ ልጃቸው የወርቅ ጉድጓድ ተደርምሶበት ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ምንጣፉ ላይ አስቀመጡን። አንቺ ከሴቶቹ ጋር ገብተሽ ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ። እኔ ግን ጊዜው ተከፈተልኝ አልኩ። ተነሥቼ ቆምኩ። ስለ ሞት፣ ስለ ፍርድ፣ ስለ መዳን ተናገርኩ፤ ልጁን ባፈር የሸፈነ አባት ፊት ለፊት ቆሜ፣ "ዛሬ ብትጠሩስ?" አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ሽማግሌው በቀስታ ተነሥተው ወጡ፣ ወንዶቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ባዶ ምንጣፍ ላይ ቀረሁ።

አሶሳ ተመለስን። ቤት ገብተን ነጠላሽን እያጠፍሽ "ሰውዬው ልጁን ቀበረ። አንተ ለሪፖርትህ ሰው ፈለግህ" አልሽኝ። እኔም ተቆጣሁ። የጠራኝን ጌታ እንጂ ሚስቴን አላስደስትም ብዬ ፎከርኩ፤ ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በቀጣዮቹ ቅዳሜዎች ከቤት አልወጣሁም። አንቺ ገበያ ነው እያልሽ ትወጪ ነበር። በዓመቱ ሽርሽሩ ሲመለስ መንገድ መራጩ እኔ ሆንኩ፤ ባምባሲ እንሂድ፣ ዳቡስ እንሂድ እላለሁ። ሆሞሻ የሚባል ከአፌ አልወጣም፣ አንቺም አልጠየቅሽኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ሞተር የሚነዳ ጉልበት የለኝም፤ በሚኒባስ፣ ከከሰልና ከዶሮ ጋር ተጣብቄ ነው የሄድኩት። ለምን እንደሄድኩ ብትጠይቂኝ አላውቅም። ምናልባት ጥር ሳይደርስ የቀረኝ መንገድ እሱ ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

እማማ ሐዋ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን አልደከመም፣ ከሩቅ ለዩኝ። ከኋላዬ ማን እንዳለ ተንጠራርተው አዩ።

"ሚስትህ የታለ? ለምን አልመጣም?" አሉኝ። አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጋል፣ ታውቂዋለሽ።

"ሞታለች፣ እማማ። ዓመት አለፋት" አልኩ።

መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "እኔን ለምን አልነገርከኝም? ልጄ ሲሞት እሱ መጣ። ሦስት ቅዳሜ ብቻውን መጣ። ብዙ አላወራ። ውኃ ቀዳ፣ ባሚያ ከተፈ፣ ከእኔ ጋር አለቀሰ፣ ሄደ" አሉ።

ገበያ ነው ያልሽኝ ያ ነበር።

ከዚያ ምንጣፍ አወጡ። ጎረቤት ጠሩ። ሴቶቹ መጡ፣ ወንዶቹ መጡ፤ ዓመት ከሰባት ወር ላለፈው ሞትሽ አዲስ ለቅሶ ተቀመጡልሽ። ሽማግሌው በምርኩዝ ከቤት ወጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ። "ሰብር" አሉኝ፣ ታገሥ ማለታቸው ነው። ዱዓ አደረጉልሽ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው "አንተም በእናንተ ቋንቋ አንድ ነገር በልለት" አሉኝ።

ታደለች፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ በቀብርሽም ቀን ራሴን ይዤ ነበር። እዚያ ግን አለቀስኩ። ሲያልፍልኝ ለሽማግሌው "ያን ጊዜ በለቅሶዎ ላይ በድዬዎታለሁ" አልኳቸው።

እሳቸው የሰሙኝም አልመሰሉ። "ሚስትህ ያኔ ይቅርታ ጠይቋል። አለቀ" አሉ። ከርከዴ እንድጠጣ ብርጭቆውን አስጠጉልኝ።

ስመለስ በመስኮቱ ሳሩን እያየሁ ስሌት ውስጥ ገባሁ። ስምንት ዓመት ይቅር በተባልኩበት አገር ዙሪያውን ስሸሽ ኖሬአለሁ። ተቀይሜሻለሁ፣ አልደብቅሽም። ምናለ ብትነግሪኝ? ከዚያ ደግሞ አስባለሁ፤ ብትነግሪኝ በእኔ ስም ለምን ይቅርታ ጠየቅሽ ብዬ እጣላሽ ነበር። አንድ ቀን ራሴ "ሆሞሻ እንሂድ" እስክል እየጠበቅሽኝ ኖሮ ይሆናል። አላልኩሽም። ይኼ ነው ያደከመኝ፣ ሌላው ቀላል ነው።

በጥር እሄዳለሁ። ለሳራ ነግሬአታለሁ፤ ስልኩ ላይ አልቅሳ መኪና ልላክ አለች። መቃብርሽን ጥዬ መሄዴ ነው፣ ያውም በዓመት አንዴ እመጣለሁ ብዬ ሳልዋሽሽ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉልበቴም አይችለውም።

በቀብርሽ ቀን የተናገረው ሰው "ከወንጌላዊው ኋላ በዝምታ የቆመች ረዳት" ብሎሽ ነበር፣ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ይህን አስተካክዬ ነው የምሄደው። በስንብቴ ዕለት መድረክ ሲሰጡኝ ስለ አገልግሎቴ ዘመን አላወራም። ለቅሶ ቤት ምን እንዳደረግሁ፣ አንቺም ምን እንዳልሽኝ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ የት እንደዋልሽ፣ አንዱንም ሳላስቀር ለምእመኑ እነግራለሁ። አዲሱ ወንጌላዊና ሚስቱ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፣ እነሱም ይስሙ። ሐዋሳም ሄጄ ለሳራ ልጆች፣ አያታችን ምን ዓይነት ሰው ነበረች ሲሉኝ፣ ደግ ነበረች ብዬ አላልፈውም፤ ይህንኑ ነው የምነግራቸው። ትዝታሽን የምጠብቀው እንዲህ ነው፤ ራሴን ሳላሳምር።

ስንብቱ እስኪደርስ ጥቂት ቅዳሜዎች ቀርተውኛል። የነገው የሆሞሻ ሚኒባስ በጠዋት ነው የሚነሣው፣ ልተኛ።

ባልሽ፣
ማቴዎስ